ከአባባ ጋር በብስክሌት የዞርክበት ቅዳሜ

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ኖርዌይ በሰላም ገባህ ወይ? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ብስክሌቱ የፈጀው ጭንህ ተሻለው? እዚህ ኡትሬክት ዝናቡ አላቆመም እንጂ እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ያልኩት ለምዶብኝ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። ተኝቼ ብነሳም የማይለቅ ድካም ነው።

በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ድምፅህ ውስጥ ያለውን ደስታ ስሰማ ስለ ልጆቹ ጠይቄህ ዘጋሁት። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

የሄድክ ቀን በሩ ላይ ቆመን የተናገርከኝ ከጆሮዬ አልወጣም። የአረጋውያን መጦሪያው ለአባባ የያዘውን ክፍል የሚያቆይልን እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ መሆኑን፣ የሁለታችንም ፊርማ እንደሚያስፈልግ ስነግርህ፣ የከተማውን ቅያስ በሙሉ በቃላቸው የሚያውቁ ሰውዬ ምን ሆኑ ብዬ ነው የምፈርመው አልከኝ። አንቺ ሰልችተሻል እንጂ እሳቸው አልታመሙም አልከኝ። መሰልቸቴን አልክድም። ሦስት ማንቆርቆሪያ ያለ ውኃ ጥደው ሲያቃጥሉ ብታይ አንተም ትሰለች ነበር።

እንዲያ ማለትህ ግን አይገርመኝም። አባባ ብስክሌት ላይ ሲወጡ ምንም አይጎድላቸውም። ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታ ያደሉባቸው መንገዶች ናቸውና እግራቸው አይስትም። ችግሩ ሲወርዱ ነው። አንተ ከመምጣትህ በፊት አንድ ማክሰኞ ዳቦ ገዝተው፣ ሳይሳሳቱ ከገዛ ቤታቸው ደጃፍ ደርሰው፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ብለው ዝናብ ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ከኋላችሁ ስነዳ የዋልኩት ለሽርሽር መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል፤ ልጠብቃቸው ነው። የተባባላችሁትንም ሁሉ ሰምቻለሁ። አባባ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር አቁመው፣ በእናንተ አገር እንዲህ ያለ ረጅም ግንብ አለ ወይ ሲሉህ፣ በእኛ አገርማ ተራራ እንጂ ግንብ የለም ብለህ ሳቅክ። ኖርዌይ ከሄድክ ወዲህ ሲያሾፉብህ ለምደሃልና ቀልድ መሰለህ። ድልድዩ ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት መጥቶብህ ስታለከልክ ደግሞ፣ በመኪና ብቻ ሲዞር የኖረ ሰው ጉልበት ከየት ያመጣል ብለው ተረቡህ። ከዚያ አጠገብህ እየነዱ በአንድ እጃቸው ጀርባህን ገፍተው አሻገሩህ። ትንንሾች ሆነን ያደርጉልን እንደነበረው ማለት ነው። ያን ጊዜ ፊትህን አይቼ ለአፍታ እኔም ተታለልኩ።

ቦዩ ዳር፣ ትምህርት ቤትህ ጋ ስትደርሱ፣ ልጄ የተማረው እዚህ ነው አሉህ። እሱ የሄደ ቀን ከባቡር ጣቢያ ስመለስ መንዳት አቅቶኝ ብስክሌቴን እየገፋሁ ነው ቤት የገባሁት አሉህ። አለቀስክ። ቤት ስንገባ ወደ ጓዳ ስበህ ወሰድከኝና፣ አባባ በአርባ ስድስት ዓመቴ የልባቸውን ነገሩኝ፣ ዓይን ለዓይን ማየቱን አፍረው ነው ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ያስመሰሉት አልከኝ። ምን ልበልህ? እንዲህ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። ፊቴን አዙሬ ሻይ ጣድኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያን ጊዜውኑ መናገር ነበረብኝ።

የሰማኸው ሁሉ እውነት ነው ወንድሜ። ብስክሌቱን እየገፉ ሲገቡ እኔ ራሴ በመስኮት አይቻቸዋለሁ። የተናገሩት የአንተ ነው፤ ማንም አይወስድብህም።

እሑድ አንተን ሸኝተን እንደተመለስን ወንበር ላይ አስቀምጬ የጫማቸውን ማሰሪያ እየፈታሁላቸው ነበር። ፊታቸው ፈክቷል። ያ እንግዳ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው፣ አገሩ የት ነው ያልሽኝ አሉ። ኖርዌይ አልኳቸው። ልጄም እዚያ ነው፣ ምናልባት ያውቀው ይሆናል አሉ። ጥቂት አሰቡና፣ እንዲህ ያለ ልጅ ያለው አባት የታደለ ነው አሉኝ።

የመጦሪያውን ወረቀት እዚሁ ፖስታ ውስጥ ታገኘዋለህ። የእኔ ፊርማ አለበት።

ቤትህን ሰላም ያድርግልህ፤ ልጆችህን በዓይንህ ሥር ያሳድግልህ። ለአንተም ለእኔም ብርታቱን ይስጠን።

የምትወድህ፣
እህትህ