የድልድዩ ውል ሞግዚት

ወንድማችን ከጉምሩክ ሠራተኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ በወንዝ ዳሯ ከተማችን፣ ከድልድዩ አጠገብ ባለው የጉምሩክ መሥሪያ ቤት ፎቅ ላይ ተወለዱ። ያን ጊዜ ከወንዙ ማዶ ያለው ትልቁ ጎረቤታችን ከተማዋን በጦር ይዟት ስለነበር፣ እናታቸውን ምጥ ሲይዛቸው አንድ የባዕድ ወታደር ወጥ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጦ ጫማውን ይወለውል ነበር። እናታቸው በኋላ "ሕፃኑ ሳይጮህ በፊት ወታደሩ ጮኸ" እያሉ ሲያወሩ ቤተሰቡ በሳቅ ይፈርስ ነበር።

ስድስት ዓመት ሲሞላቸው የሰላሙ ውል ተፈረመ። አራት የሩቅ አገሮች ዋስ ሆኑ፤ ወታደሮቹም አንዲት ጥይት ሳይተኮስ ድልድዩን ተሻግረው ሄዱ። አባታቸው መስኮቱ ላይ እንደቆሙ "ይሄ ሁሉ ጦር በወረቀት ወጣ?" ብለው አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ልጃቸው ያንን ጥያቄ ተቀብለው ዕድሜ ልካቸውን ሲመልሱት ኖሩ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው በዋና ከተማው ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ፤ ቀጥሎም በውጭ አገር በዓለም አቀፍ ሕግ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ሲመለሱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የውሎች ክፍል ተመደቡ። ክፍሉ ምድር ቤት፣ ከፎቶኮፒ ማሽኑ ጀርባ የሚገኝ፣ ግድግዳው እርጥበት የማይለየው ጠባብ ክፍል ነበር። ሹመት በመጣላቸው ቁጥር ፎቅ መውጣቱን እምቢ ስላሉ እስከ መጨረሻው ከዚያ አልተነሡም።

በየዓመቱ የዕረፍት ጊዜያቸውን ወስደው ወደ አራቱ ዋስ አገሮች ይጓዙ ነበር። ጉዳዩን አዲስ ከተረከቡት ባለሥልጣናት ጋር ይቀመጡና ውሉን ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡላቸዋል። "ትልቅ አገር ጦር አለው፤ ትንሽ አገር ያላት የተሰጣት ቃል ነው። ቃሉን የሰጠው ሰው ደግሞ ይሾማል፣ ይሻራል፣ ይረሳል" ይሉ ነበር። ባልደረቦቻቸው ግን ውሉን ልጅ፣ እርሳቸውን ሞግዚት አድርገው "ሞግዚቱ ደግሞ ልጁን ሊያስከትብ ሄደ!" እያሉ ያሾፉባቸዋል። እርሳቸውም "ሳቁ፣ ሳቁ፤ ልጁን ያተኮሰው ዕለት የምትጠሩት እኔን ነው" ብለው ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ይወጣሉ። ቅጽል ስሙ በዚያው ጸናባቸው።

በአንድ ጉባኤ ላይ የአንድን ተናጋሪ ስድብ አለስልሰው ወደ ምስጋና የተረጎሙ አስተርጓሚ አገኙና፣ በተዋወቁ በሁለተኛው ዓመት ተጋቡ። በማዘጋጃ ቤት ሊፈርሙ ሲሉ ብዕራቸውን አስቀምጠው "የዚህስ ውል ዋሱ ማን ነው?" ብለው ሹሙን አስጨነቁት፤ ታላቅ እህታቸው "ዋሱ እኔ ነኝ" ብለው እጃቸውን ባያወጡ ኖሮ ጋብቻው ባልተፈጸመ። ባለቤታቸው "እኔ ለውሉ እንጀራ እናት ሆኜ ነው የገባሁት" እያሉ ቢቀልዱም፣ በፍቅር ኖረው ዛሬ መሐንዲስ የሆኑትን ሴት ልጃቸውንና ነርስ የሆኑትን ወንድ ልጃቸውን አሳደጉ።

ባለፈው ወር የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አእምሯችን ግን እስካሁን አልተቀበለውም። ሰኞ ማለዳ የጎረቤታችን የጦር ካሚዮኖች "ለደኅንነት" በሚል ድልድዩን ተሻገሩ፤ ወንድማችን በተወለዱበት ፎቅ ላይ የእኛ ሰንደቅ ወርዶ የእነርሱ ተሰቀለ። በሚኒስቴሩ ኮሪደር ስልክ ይጮኻል፣ የሚያነሣው የለም። ሚኒስትሩ ራሳቸው ምድር ቤት ድረስ እየሮጡ ወረዱና በሩ ላይ ቆመው "ልጁን አተኮሰው" አሉ። ያን ዕለት የሳቀ አልነበረም።

በውሉ አንቀጽ መሠረት፣ አራቱ ዋሶች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው በአንድ ድምፅ ከወሰኑ፣ ጎረቤታችን ጦሩን ለማስወጣት በገዛ እጁ ፈርሟል። አንዱ ከጎደለ ግን ስብሰባው አይቆጠርም። ሦስቱ በዚያው ሳምንት መጡ፤ አንቀጹን በቃላቸው ስለሚያውቁት ለምን እንደተጠሩ የጠየቀ እንኳ አልነበረም። የአራተኛው አገር ተጠሪ "በሚቀጥለው ሳምንት" አሉ። ሳምንቱ ሲደርስም እንደገና "በሚቀጥለው ሳምንት" አሉ። ወንድማችን በየማለዳው እየደወሉ "ወዳጄ፣ ወንበርዎ ባዶ ነው" ይሏቸው ነበር።

ሐሙስ ጧት ደኅና ነበሩ። ሕመም የሚባል አላወቃቸውም፤ በዋዜማው ከልጅ ልጃቸው ጋር ካርታ ተጫውተው፣ አጭበርብረው አሸንፈዋል። ባለቤታቸው ሻይ ይዘው ሲገቡ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ የስልኩን እጀታ ከጆሯቸው ሳያወርዱ አረፉ። በስልኩ ውስጥ የተጠሪው ጸሐፊ "እባክዎ ትንሽ ይጠብቁ፤ አሁን አገናኝዎታለሁ" ትል ነበር። ባለቤታቸው እጀታውን ተቀብለው "ከእንግዲህ አይጠብቁም" ብለው ዘጉት።

ሐኪሙ ልባቸው በድንገት ቆመ አለን። እኛ ግን ምን እንበል? በስድሳ አንድ ዓመታቸው፣ መስመር ላይ እየጠበቁ! ሰው እንዲህ ይለያል?

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና ታላቅ እህታቸውን በድንጋጤ ላይ ትተው ሄደዋል። ኀዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁትን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

የአራተኛው አገር ተጠሪ መርዶውን እንደሰሙ በመጀመሪያው አውሮፕላን መጥተዋል፤ አሁን በሁለተኛው ረድፍ፣ ከሦስቱ ዋሶች ጎን ተቀምጠዋል። ጦሩ ድልድዩን ከተሻገረ ወዲህ አራቱም በአንድ ቤት ሲገኙ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ክቡራን እንግዶቻችን፣ ከቀብሩ መልስ መኪኖቹ የሚወስዷችሁ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ አይደለም። የስብሰባው አዳራሽ ተከፍቷል፤ ለሾፌሮቹም ነግረናቸዋል።

ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ ከደጉ ማረፊያ ያድርስልን፤ እናንተንም ዛሬውኑ ከጠረጴዛው ያድርሳችሁ።