ልጆችን የግራ እጅ ኖታ ያስነበቡት እማማ ፋ

ዛሬ የምንሸኛቸው መምህርት፣ ተማሪዎቻቸው «እማማ ፋ» የሚሏቸው፣ ከወፍጮ ቤት መካኒክ አባታቸውና ከሆስፒታል ልብስ አጣቢ እናታቸው በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው፣ ማለትም ይህን የጻፈው ልብስ ሰፊ፣ በእሳቸው ጀርባ ታዝሎ ነው ያደገው።

በትምህርታቸው ጎበዝ ስለነበሩ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብተው ፒያኖ ተማሩ፤ በ1959 ዓ.ም. እዚያው በመምህርነት ተቀጠሩ። የአውቶቡስ ሹፌር አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ልጅቷ ዳዴ ሳትል በመኪና አደጋ ስለሞቱ ብቻቸውን አሳደጓት። እናትና ልጅ ሁለቱም ግትር ነበሩ፤ ሲጣሉ አስታራቂ፣ ሲታረቁ ደግሞ ነገረኛ የሚባለው ይኸው ልብስ ሰፊ ነበር።

ሥራቸውን ያላየ እሳቸውን አያውቃቸውም። አብዛኛው ልጅ የቀኝ እጁን ኖታ ቶሎ ይለምድና የግራው፣ ባስ ክሌፍ በሚባል ምልክት የሚጻፈው፣ ሲመጣ ይደናገረዋል። አምስቱ መስመሮች ያው ናቸው፤ ስማቸው ግን ይለወጣል። ስለዚህ እማማ ፋ የክፍሉ ወለል ላይ አምስት መስመር በጠመኔ ያሰምሩና አንዱን ልጅ ከላይ ሁለተኛው መስመር ላይ ያቆሙታል። እሱ ፋ የሚባለው ኖታ ነው። ሁለት ልጆች ደግሞ ከመስመሩ በላይና በታች ቆመው የክሌፉ ሁለት ነጥቦች ይሆናሉ። «ፋን ያዙልኝ! እሱ ከጠፋ ሁላችንም ጠፋን!» ይላሉ። ከዚያ አንድ ወደ ታች ሚ፣ አንድ ወደ ላይ ሶል እያሉ ልጆቹ እየተንጫጩ ያነባሉ። ወላጆች «ኧረ ይሄ ልጅ ቤቱን በዱም ዱም አፈረሰው፣ ዜማው የታለ?» ብለው ሲያማርሩ፣ «ዜማው የትም አይሄድም፤ ታገሡ» ብለው ይመልሷቸው ነበር።

ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ የቀኝ እጁን ትምህርት ለሌላ መምህር ለቀው ባስ ብቻ ማስተማር ጀመሩ። ትምህርት ቤቱ «አዲስ የማስተማር ዘዴ» ብሎ ሸለማቸው፤ እኛም አጨበጨብን። ምን ዘዴ! ጆሯቸው እየደከመ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ጠፍቶባቸው፣ ወፍራሙ ብቻ ቀርቶላቸው ነበር። ከታወቀ ልጆቹን እንዳይነጥቋቸው ፈርተው ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ተማሪዎቻቸው ሲናገሩ አፋቸውን እያዩ ይረዱ ነበር። ወንድማቸው ድምፁ ጎርናና በመሆኑ እሱን ይሰሙታል፤ በዚህም ምክንያት ምንም ሳይጠረጥር ኖረ።

ልጃቸው አግብታ ሌላ ከተማ ገባች። ድምጿ ቀጭን ነው። በ1996 ዓ.ም. የመውለጃዋ ቀን ደርሶ ሁላችንም የምሥራች ስንጠብቅ ለእናቷ ስልክ ደወለች። ልጇ በተወለደ በማግስቱ ሞቶባት ነበር። ከእማማ ፋ ጆሮ የደረሰው ግን ቁርጥራጭ ድምፅ ብቻ ነው። በሰላም ተገላገልኩ ያለቻቸው መስሏቸው «እሰይ! እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ የኔ እናት!» ብለው ሳቁ፤ አለመስማታቸው እንዳይታወቅባቸውም ቶሎ ዘጉት። ለእኛም «በሰላም ተገላግላለች» አሉን። በሳምንቱ ወንድማቸውን አሰፍተው የሕፃን ልብስ ላኩላት።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ከሁላችንም ድምጿን አጠፋች። እማማ ፋም «ወለደችና ረሳችኝ» ብለው ተቀየሟት። ስለ ልጅ ልጃቸው ግን፣ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ ሳያውቁ፣ አውርተው አይጠግቡም ነበር። «ይሄኔ እኮ ለፒያኖ ደርሷል፤ ፋን የማሳየው እኔ ነኝ፣ ማንም እንዳይነካብኝ» ይሉ ነበር።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ ወንድማቸው ለልጃቸው ደወለ። «ጋሼ፣ ልጄ ሞተብኝ ስላት የሳቀችብኝን፣ ጭራሽ የሕፃን ልብስ የላከችብኝን ሴት በየትኛው ዓይኔ ልያት?» ብላ ዘጋችበት። ደንግጦ ወደ አልጋቸው ሄደና ጠየቃቸው። የልጅ ልጃቸውን ሞት የሰሙት ያን ጊዜ ነው። አምርረው አለቀሱ። የጆሯቸውንም ነገር የነገሩት ያን ጊዜ ነው። «አልሰማችሽም በልልኝ፤ አደራ» አሉት። ደጋግሞ ቢደውልም ስልኩ አልተነሳም። እማማ ፋ ጥር 9 ቀን 2004 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው አረፉ።

ዘመዶቻችን «ይህ በቀብር ላይ አይነበብም» ብለዋል። ታዲያ የት ይነበብ? ልጃቸው ቀብሩ ላይ ቆማ ብቻ እንደምትመለስ፣ ከማንም ጋር መነጋገር እንደማትፈልግ መልእክት ልካለች። ስለዚህ ይህን ስትሰማ ገና አሁን ነው።

እማማ ፋ የአንዲት ልጅ እናት፣ የአንድ ወንድም እህት፣ የብዙ ልጆች መምህርት ነበሩ። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን።

አንቺ ልጃችን፣ እናትሽ አልሰሙሽም። ሰምተውሽ ቢሆን ኖሮ በእግራቸውም ቢሆን ይመጡልሽ ነበር። ነይ፣ ከኋላ አትቁሚ፤ ሣጥኑ አጠገብ ያለው ቦታ ያንቺ ነው።