ባለ ሦስት ግንዷ ግራር

ሰኞ ጥቅምት 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ከጧቱ አራት ሰዓት። እኔ ቁልፍ ሠሪው፣ ዕድሜዬ ሰባ ስምንት፣ ሳንባዬ ቢደክምም ልቡናዬ ያልደከመ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ ፈጣሪዬ እየሰማኝ በሦስት ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ጡረተኛው አስተማሪ ነው፤ አነጋገሬን ቢያቃናልኝም ሐሳቡ የእኔው ነው።

ሱቄ ከነመቅረጫ ማሽኑና ከነሞረዱ ለሴት ልጄ ይሁን። እጇ ከእኔ እጅ የረጋ ነው። ሴትና ሞረድ ምን አገናኛቸው ብዬ ስድስት ዓመት የከለከልኳት በድንቁርናዬ ነውና ይቅር ትበለኝ። የሟች ባለቤቴ የጸሎት መጽሐፍ ለእህቷ ይመለስ።

ቤቱና ግቢው ለወንዱ ልጄ ነው። ግራሯም ግቢው ውስጥ ናትና የእሱ ናት። ቆርጦ መኪና ማቆሚያ ሊሠራባት እንዳሰበ አውቃለሁ። እህቱ «አባዬ፣ አትቆረጥም ብለህ አስጽፍልኝ» ብላ ለምናኛለች። አላስጽፍም። ምክንያት አለኝ።

ዘሯን ያመጣችው እናታቸው ናት። ጠጠር የመሰለ ዘር ነበር፤ ሁለት ጊዜ ብትተክለው እንቢ አላት። እኔ ቅርፊቱን በቁልፍ ሞረዴ ጫር ጫር አድርጌ ውኃ ውስጥ አሳደርኩላት፤ በስምንተኛው ቀን ብቅ አለ። «ለካ ቁልፏ ጠፍቶባት ነው!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ግቢው የወፍ ሆነ። ባለቤቴ የታችኛውን ቅርንጫፍ አታስነካም ነበር፤ ድመት እሾሁን ስለምትፈራ ትንንሾቹ ወፎች ጎጆ የሚሠሩት እዚያ ነው። የተባይ መድኃኒትም አታስረጭም፤ «ንቦቹስ?» ትል ነበር።

ግራሯ ለምን ሦስት ግንድ እንዳላት ሰዎች ይጠይቁኛል። ተፈጥሮዋ ነው እላለሁ። ዋሽቻለሁ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ባለቤቴ እህቷ ዘንድ በሄደችበት ሳምንት ከሥር የቆረጥኳት እኔ ነኝ። እሾኋ የደንበኛ ኮት ቀዶብኝ፣ ሰውየው በሰው ፊት ቢያዋርደኝ ንዴቴን እሷ ላይ ተወጣሁ። ባለቤቴ ተመልሳ «ማነው?» ስትል፣ ወደ ወንዱ ልጄ ዞሬ አየሁ። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። መጋዙን እንደያዝኩ በመስኮት አይቶኛል፤ ግን አልተናገረም። እናቱ እሱ የቆረጣት መስሏት ክረምቱን ሙሉ ፊት ነሳችው። ግራሯ ከጉቶዋ ሦስት ሆና አቆጠቆጠች፤ ባለቤቴ ግን እውነቱን ሳታውቅ ሄደች። ስጸልይ በደሌን ሁሉ እየዘረዘርኩ ይህችን ብቻ በደፈናው አልፋት ነበር።

እዚህ ላይ ምስክሯ ልብስ ሰፊ «ጋሼ፣ ይሄም ይጻፍ እንዴ?» አለችኝ።

«ይሄን ላስጽፍ አይደል የጠራኋችሁ» አልኳት።

ስለዚህ ልጄ ዛፏን ቢጠላት እውነቱን ነው። ቢቆርጣትም ቢተዋትም ፈቃዱ ነው፤ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ብቻ ይታገሥ። ያ መጋዝ ከሱቁ በር ኋላ ተሰቅሏል፤ እሱንም ለእሱ ሰጥቻለሁ።

ጽሑፉ ተመልሶ ሲነበብልኝ ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ገባ ብሎ «አባዬ፣ መጋዙን ለእህቴ ስጣት። ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለ።

አስተማሪው ብዕሩን አንሥቶ ጠበቀኝ። «ሰርዝና ጻፍ» አልኩት።

መጋዙ ለሴት ልጄ ሆኗል።

ተናዛዥ፦ ቁልፍ ሠሪው፤ ፊርማው ቢንሻፈፍም የእኔው ነው።

ምስክሮች፦ ልብስ ሰፊዋ፣ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ ጸሐፊው አስተማሪ። ስረዛው በፊታችን የተደረገ መሆኑን በፊርማችን አረጋግጠናል።