የሚካኤል ጠላና የጠዋቱ ሰርቪስ

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ደብተሬ፣ አንተ እንኳ ዝም ብለህ ስማኝ።

ቀን የሚካኤል ማኅበር ነበር፣ ቦሌ ሚካኤል፣ እትዬ አልማዝ ቤት። ሁለት ብርጭቆ ጠላ ጠጣሁ። ከዚያ ወደ ቦሌ ለሚ፤ ከሥራ የወጡ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞቼን በሰርቪሱ ጫንኩ። ሲኤምሲ ጋ ትራፊክ አስቆመኝ። የአልኮል መለኪያውን ንፋ አለ። ነፋሁ። መሣሪያው ጮኸ። ጠላ እኮ ነው፣ ያውም የጽዋ ጠላ፣ አልኩት። መሣሪያው ጠላና ውስኪ አይለይም አለኝ። መንጃ ፈቃዴን ያዘ፣ ክስ ጻፈ። የፋብሪካው ሴቶች ወርደው በእግራቸው ሄዱ። ባልደረባዬ ደረጀ መጥቶ መኪናውን ወሰደልኝ። ለስምሪት ኃላፊው አልናገርም ብሏል። ተመስገን። ግን ምኑ ነው ተመስገን!

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

እንቅልፍ የለም። ፈቃዱ እስኪመለስ መንዳት ክልክል ነው። ሥራዬን ካጣሁ በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል? ደረጀ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ንዳ ይላል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ተክሌ ደወሉ፤ ዐሥር ሆነን የጠጣው ጠበል ነው ብለን እንመሰክራለን አሉ። ደግ ሰው ናቸው። ደግነታቸው አስፈራኝ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነዳሁ። በውስጥ ለውስጥ። የትራፊክ ፉጨት የመሰለ ነገር በሰማሁ ቁጥር ፍሬን እረግጣለሁ። ሰሚራ፣ ሁልጊዜ ጋቢና የምትቀመጠው የወሎዋ ልጅ፣ ዛሬ መጨረሻ ወንበር ሄደች። ስትወርድ ብቻ፣ «ጋሼ፣ ነገስ ማኅበር አለ እንዴ?» አለች። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። እሷ አልሳቀችም። ሌሎቹም መልሴን ለመስማት ቆመዋል። የለም አልኩ። አፈርኩ።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ታምሜያለሁ ብዬ ቀረሁ። ሌላ ውሸት።

እውነቱን ልጻፍ። የጠጣሁት ሁለት ብርጭቆ አይደለም። አራት ነው። እትዬ አልማዝ በሚካኤል ብለው ሲቀዱ እምቢ ማለት አሳፈረኝ፤ አርባ የሰው ልጅ ጭኖ መንገድ መውጣት ግን አላሳፈረኝም። ለጋሽ ተክሌ ደወልኩ፣ እንዳትመሰክሩ አልኳቸው። ተቀየሙ። የሚቀጥለው ወር የማኅበሩ ተራ የኔ ነው። ብርዝ ብቻ አቀርባለሁ፤ የፈለገ ይቀየም።

ግንቦት 15፣ ዓርብ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል

ስምሪት ክፍል ደጃፍ ነኝ። እነ ሰሚራ ፌርማታ ላይ እየጠበቁ ነው፤ ሌላ ሹፌር ይላክላቸው። የሰርቪሱን ቁልፍ ላስረክብ ይዤ መጥቻለሁ። ኃላፊው አሁን ይመጣል። የምናገረውን ሦስት ጊዜ ተለማመድኩ። ሁለት ብርጭቆ የሚለው አሁንም ምላሴ ላይ ይቀድመኛል።

አራት። አራት ነው የምለው።