በስማቸው ጠራኋቸው

ይድረስ ለልጄ ለቻላቸው፤ የመተማ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ አምላክ ይመስገን አለሁ።

ጤፉ ተከምሯል፤ ቦራዋ ላም ወልዳ ጎረቤት እያለባት ነው። አባትህ ከክምር ወድቀው ጭንቅላታቸውን ስለተመቱ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ነን። ለልባቸው የሚውጡት ክኒን ደም ያቀጥናል አሉ፤ መድማቱ አልቆም ብሎ ነበር። ማርከሻ ሰጥተው፣ አደንዝዘው ቀዶ ጥገናውን ጨረሱ።

ማደንዘዣው ቆሞም ስላልነቁ ነርሷ «እማማ፣ በስማቸው ይጥሯቸው፤ የለመዱትን ድምፅ ሲሰሙ ይነቁ ይሆናል» ትለኛለች። እኔ «የቻላቸው አባት» እላለሁ እንጂ ስማቸውን በአፌ አንስቼ አላውቅም፤ ደፍሬ ብጠራቸው እንዴት እንደሚቆጡኝ ታውቃለህ። ዛሬ ሰው ሲወጣ በነጠላዬ ተከናንቤ «አለኸኝ» አልኳቸው።

አልተቆጡኝም።

የሰሊጡ ሥራ ገና ባያልቅም ብቅ በል። ደህና መንገድ ያምጣህ።

እናትህ ሲሳይነሽ