ከሰሉን የቆረጠው ጥቁር ድንጋይ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት ያደርግሻል? እህቴ ኤልሲና አጎቴ ኢኖክ ደህና ናቸው? እኔ፣ ባለቤቴ ሜቤልና ልጆቹ ከድካም በቀር ደህና ነን። ድካሙ ግን አጥንቴ ድረስ ዘልቋል፤ ራቴን ሳልጨርስ እንቅልፍ ይጥለኛል።

በየሦስት ወሩ ከሰል የምንቆፍርበትን ቦታ በዕጣ እንደምንከፋፈል ታውቂያለሽ። አሁን ለእኔና ለወንድሜ ለክሌም የደረሰን ግድግዳው ነው። ግድግዳው የምንለው ከሰሉን ከላይ እስከ ታች ለሁለት የቆረጠ ጥቁር ድንጋይ ነው። ቀያሹ እንዳስረዳን፣ ጥንት የቀለጠ ድንጋይ ከምድር ሆድ በስንጥቅ ሽቅብ መጣ፤ ነገር ግን ላይ ሳይደርስ እዚያው መሬት ውስጥ ቀዝቅዞ ጠጠረ። ሲያልፍ በግራና በቀኙ ያለውን ከሰል ጠብሶት፣ አሁን አካፋ ሲነካው ይፈረፈራል፤ ለምድጃም አይረባ። በዚህ ዙር ቦታ ያልደረሰው ባልደረባችን ሆፕኪን ይህን ሰምቶ፣ "አይ ሞኙ! ያን ሁሉ መንገድ መጥተህ ደጃፍ ላይ ትቀራለህ?" ብሎ ድንጋዩን ሲሰድበው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ የመሳቅ አቅም አልነበረኝም።

ከግድግዳው ማዶ ከሰሉ ይቀጥላል ስለተባለ በድማሚት እየሰበርን ማለፍ አለብን። መሰርሰሪያው ሲሠራ አቧራው መብራቱን ይጋርደዋል። አባባን የገደለው ይኸው የድንጋይ አቧራ ነው። ክሌም ካሁኑ ማሳል ጀምሯል። ተወው ብለው፣ "ዕጣዬን ጥዬ? ፈሪ ልባል ነው እንዴ? አታስቀኝ ባክህ!" አለኝ። እዚህ የደረሰን ዕጣ መለወጥም መጣልም ነውር ነው። ሰው ሳያማው መሄድ የሚቻለው ወላጅ ሲታመም ብቻ ነው።

ስለዚህ እማማ ታማለች አልኩት። ይቅር በይኝ፤ ሌላ መላ አጣሁ። አሽጌ የላክሁልሽን ይህን ደብዳቤ ያመጣልሽ እሱ ራሱ ነው፤ ስታነቢው አጠገብሽ ይቆማልና ፊትሽን እንዳያይብሽ። በእሱ ፈንታ ሆፕኪን ከእኔ ጋር ይገባል። "አንተስ?" ትይኝ ይሆናል። እኔ ሚስትና ልጆች አሉብኝ፤ ቤቱም የኩባንያው ነው፣ ሥራውን ብተው ከቤቱም እንወጣለን። አፌ ላይ እርጥብ ጨርቅ አስራለሁ።

አጎቴ ኢኖክን ሩበን እጅ ነስቷል በይልኝ። ኤልሲን ሳሚልኝ፤ ምስጢሩን ግን እንዳትነግሪያት፣ አፏ አይችልም። ክሌምን ሾርባ ሥራልኝ፣ እንጨት ፍለጥልኝ እያልሽ ከአጠገብሽ አታርቂው። እባክሽ እናቴ፣ ግድግዳውን እስክናልፍ ድረስ ታመሚልን።

ልጅሽ ሩበን
ኩሪ ኩሪ፣ ጁን 14 ቀን 1926