በአንድ መስመር የተዘራው ባቄላሽ

ለየሻረግ፣ ለቤቴ እመቤት፤

እንደምን አለሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ያለሽበት ከእኔ ቤት ሳይሻል አይቀርም። ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ጉና ጉሙን ለብሶ ይውላል። ይህን የምጽፍልሽ በራሴ እጅ ነው፤ በስተርጅና መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጠርሁ። አስገድደውት ነው የሚልሽ ቢኖር አትመኚው። ወድጄ ነው የገባሁ፤ ቤቱ ዝም ቢልብኝ።

ጥቁሯ በግሽ መንታ ወልዳለች። ልጃችን ጥሩወርቅ በገበያ ቀን ከገሳይ እየመጣች፣ «አባባ፣ እኔ ዘንድ ይግቡ» ትለኛለች። እንቢ ብያለሁ።

ቋጥረሽ ከምሰሶው ላይ የሰቀልሽውን የባቄላ ዘር ዘንድሮ አወረድሁት። ጓሮው ላይ እንዳንቺ ላደርገው ነበር፤ መስመሩ ሁሉ እኩል፣ አንድም ፍሬ ሳይተርፍ። አንዱ መስመር ካጠረ ጭረሽ አውጥተሽ እንደገና ስትዘሪ፣ «ባቄላ እንጂ ወታደር አይደለም» እያልሁ የምስቅብሽ ትዝ ይልሻል?

ብቆጥረው መቶ ሃያ ሰባት ሆነ። በሁለት መስመር ባደርገው አንድ ተረፈ። በሦስትም አንድ። በአምስት ሁለት። በሰባት እንደገና አንድ! ጥሩወርቅን «ቆርጥመሽብኛል» ብዬ ተቆጣኋት። «ኧረ አባባ፣ ጥሬ ባቄላ ምን ልሁን ብዬ!» ብላ ሳቀችብኝ። ዝናቡ እየገፋ ነው፣ ዘሩ ሊነቅዝ ነው፣ እኔ መደብ ላይ ፍሬ እደረድራለሁ።

ኋላ ቋጠሮውን ይዤ ወደ አስተማሪያችን ሄድሁ፤ ከደብረ ታቦር የመጣች ልጅ እግር ናት። «አባባ፣ አይድከሙ። ይህ ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር እኩል አይካፈልም» አለችኝ። «ሁሉን መቼ ሞከርሽው?» አልኋት። «እስከ አሥራ አንድ ከሞከሩ ይበቃል። አሥራ ሁለት መስመር ቢያደርጉ ለየመስመሩ የሚደርሰው ከአሥራ አንድ ያንሳል፤ ያንን ቁጥር ደግሞ በመስመር ብዛት አስቀድመው ሞክረውታል» አለች። ታውቂኝ የለም፣ ቤቴ ገብቼ እንደገና ሞከርሁት። እውነቷን ነው።

አንድ ብቻ ቢጨመርበት ግን፣ ግማሽ የግማሽ ግማሽ እየሆነ እስከ ሁለት ፍሬ ይወርዳል አለችኝ፤ «አንድ ለእርስዎ፣ አንድ ለባለቤትዎ።» መሞትሽን አላወቀችም ነበር። እኔም ቋጠሮዬን ይዤ ተነሣሁ።

አንድ ፍሬ ጎረቤት አይነፍገኝም። ያንቺ እጅ የመረጠውን ግን ከየት ላመጣ? አንዷን ልጣልስ ብል፣ የትኛዋን?

ትናንት ጠዋት ዝናቡ አባራ። ከደጃችን ጀምሬ፣ አጥሩን ተከትዬ፣ አንቺን ለቀብር ይዘን በወጣንበት በኩል በአንድ ረጅም መስመር ዘራሁት። አንድም አልተረፈ። አላፊ አግዳሚው «ሽማግሌው ምን ነካው?» እያለ ይስቃል። ይሳቅ።

ሲደርስ ምርጥ ምርጡን በዚያው ጨርቅሽ ቋጥሬ እሰቅለዋለሁ። እስካለሁ ዘርሽ አይጠፋም። ለከርሞ ቁጥሩ እኩል ቢካፈልም ባይካፈልም፣ እኔ የምዘራው በአንድ መስመር ነው፤ ከደጃችን ወዳንቺ።

ግትሩ ባልሽ